አብዞርባንሱ ከ1 ሲበልጥ ናሙናውን አቅጥኑት

በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ውህድ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በስፔክትሮፎቶሜትር ስትለኩ አብዞርባንሱ (የተመጠጠውን ብርሃን መጠን የሚያሳየው ቁጥር) ከ1 ከበለጠ፣ ቁጥሩን መዝግቦ ከማለፍ ይልቅ ናሙናውን በዚያው አሟሚ አቅጥናችሁ እንደገና ለኩት፤ ውጤቱንም ባቀጠናችሁበት ልክ አባዙት። ንባቡ 1 ሲሆን ከገባው ብርሃን 10 በመቶው፣ 2 ሲሆን ደግሞ 1 በመቶው ብቻ ስለሚያልፍ፣ በመሣሪያው ውስጥ ከመንገዱ የወጣ ጥቂት ብርሃን እንኳ ንባቡን ከእውነተኛው በታች ያደርገዋል። እኔ በይበልጥ የምተማመነው ከ0.1 እስከ 1 ባለው ንባብ ነው። መሣሪያውን ዜሮ የምታደርጉትም ናሙናው በሟሟበት አሟሚ ይሁን። ከ300 ናኖሜትር በታች ለመለካት ካሰባችሁ ግን፣ ተራ ብርጭቆ አልትራቫዮሌቱን ራሱ ስለሚመጥ የኳርትዝ ኩቬት (ናሙናው ለመለካት የሚቀመጥበት ትንሽ ዕቃ) ያስፈልጋችኋል።