መጀመሪያ ሲሙን

ቴሌግራሙም፣ ጂሜይሉም፣ ቴሌብሩም የተንጠለጠሉት በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ የግል መረጃዎን ለመጠበቅ ሲያስቡ፣ የፌስቡክ ፎቶ ከመደበቅዎ በፊት ሲም ካርዱን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ለትምህርት የገባ ልጅ የሚይዘው ሲም ብዙ ጊዜ በአጎት ወይም በጓደኛ ስም የወጣ ነው። ስልኩ የጠፋ ዕለት ምትክ ሲም የሚያወጣው ባለስሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ቻግኒ ሊሆን ይችላል። ሳይጠፋ በፊት ከባለስሙ ጋር መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ራስዎ ስም አዛውሩት።

ቀጥሎ የሲም ፒን (ሲሙ የሚቆለፍበት የምስጢር ቁጥር) ያብሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ 8 አኃዝ ያለውን ፑክ (የተቆለፈውን ሲም መክፈቻ ቁጥር) ይጠይቃል፤ ፑኩን 10 ጊዜ የሳተ ሲም ከነጭራሹ ይሞታል። ማሸጊያውን አይጣሉ፣ ፑኩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ደግሞም *#21# ይደውሉ፤ ጥሪዎ ወደማያውቁት ቁጥር ዞሮ ከሆነ ያሳይዎታል። ##002# ሁሉንም ያጠፋዋል። አጭበርባሪ «ይህን ቁጥር ደውል» የሚለው ጥሪዎን ወደ ራሱ ለማዞር ነው፤ በጥሪ የሚነገር የማረጋገጫ ኮድ እሱ ዘንድ እንዲገባለት።

ቴሌግራም ላይ በጣም የተለመደው ወጥመድ «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» የሚለው ሊንክ ነው። የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው አካውንት ስለሆነ ያሳምናል። ቁጥርዎን ያስገባዎታል፣ ወዲያው 5 አኃዝ ያለው ኮድ ይመጣል፤ እሱን ከሰጡ ሌባው ገባ ማለት ነው። አንድ ዕድል ግን አለዎት፤ አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» (ከዚህ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ ማስወጫ) ይጫኑ። ከዚያ በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል መጠየቂያ) ያብሩ፤ የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉን አይዝለሉት። እዚያው «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖቦዲ» ያድርጉት፣ «ኤቭሪባዲ» ላይ ከሆነ በየግሩፑ ቁጥርዎ ለሁሉም ይታያል።

ለጂሜይል ማረጋገጫ ከኤስኤምኤስ ይልቅ ኦተንቲኬተር (ኮዱን ስልኩ ላይ የሚያወጣ አፕ) ይሻላል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ የሚለወጠው በስልኩ ሰዓት ተሰልቶ ነው። የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በሐበሻ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው (እኛ ዘንድ ሞልቷል) ኮዱ ሁሉ «ስሕተት» እየተባለ ይመለስበታል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ይጻፉ፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ፎቶ ኮፒ ቤቱን ነው። ለሥራ ምዝገባ ዲግሪና መታወቂያ ስካን ያስደርጉና በባለሱቁ ቴሌግራም ይልካሉ። ፋይሉ ቻቱ ውስጥም፣ ኮምፒውተሩ ዳውንሎድስ ውስጥ ባለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» ፎልደርም ይቀራል። ዲሊት ቢባልም ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ፤ ሺፍት ይዘው ዲሊት ይበሉት። የሚሻለው በራስዎ ስልክ ስካን ማድረግ ነው። ኮፒው ላይ በሰያፍ «ለእገሌ መሥሪያ ቤት ምዝገባ ብቻ» ብለው ከነቀኑ ይጻፉበት፤ ለሌላ ነገር ሊውል አይችልም ባይባልም ያስቸግራል።

መናኸሪያ ላይ የወደቀ መታወቂያ ያገኘ ደግ ሰው ሙሉ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ስምና የተገኘበት ቦታ ይበቃል፤ 12 አኃዝ ያለውን የፋይዳ ቁጥርና የልደት ቀኑን በጣት ይሸፍኑት። የእርስዎ ከተለጠፈ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከጎንዎ ነው።

ቁጥር ሲቀይሩ አሮጌው ሲም እየሠራ ሳለ ቴሌግራሙን በ«ቼንጅ ነምበር» ያዛውሩ፣ ከጂሜይልና ከፌስቡክም ያውጡት። የተተወ ቁጥር ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የእርስዎ የማረጋገጫ ኮድም የሚሄደው ለአዲሱ ባለቤት ነው።