የባክቴሪያ ኢንዛይም ስትራክቸር በአንቲቦዲ የምታጠኑ፣ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

«ዌስተርን ላይ (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ የሚፈልገው ሙከራ) አሪፍ ባንድ ሰጠኝ፣ አንቲቦዲው ይሰራል» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ነው የሚፈላው። ለምኑ ነው የሚሰራው? ወዳጄ፣ ኢንዛይምህን እኮ በኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ቀቅለህ ዘርግተኸዋል፣ ሜምብሬኑ ላይ የቀረው የአሚኖ አሲድ ክር ነው፣ ምን ስትራክቸር አለና! አንቲቦዲው የያዛት ቁራጭ ኢንዛይሙ በተፈጥሮ ቅርፁ ታጥፎ ሲቀመጥ ውስጥ ተቀብራ ሊሆን ይችላል። ዌስተርን ላይ ዝም ያለውን ደግሞ አይረባም ብላችሁ ትጥሉታላችሁ፣ እሱ ምናልባት የታጠፈውን ቅርፅ ብቻ የሚያውቀው፣ ማለትም ስትፈልጉት የነበረው ነው።

«እሺ ኤላይዛ ሰራሁ» ይባላል ቀጥሎ፣ ማለትም ፕሌት ላይ በተለጠፈ ፕሮቲን አንቲቦዲ የሚለካበት ሙከራ። ፕሌት ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ፕሮቲንም ቅርፁ ሊበላሽ ይችላል። ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ የኢ. ኮላይ ትሪፕቶፋን ሲንቴዝን ያጠኑት እነ ጎልድበርግ፣ ባልተበላሸ ፕሮቲን ክትባት ካገኟቸው ሞኖክሎናሎች (ከአንድ ሴል ዘር የወጡ አንድ ዓይነት አንቲቦዲዎች) አንዳንዶቹ የተበላሸውን አብልጠው ሲይዙ አይተዋል። መፍትሄውም ከነሱው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት፦ አንቲቦዲና ኢንዛይሙን መጀመሪያ ፈሳሽ ውስጥ ቀላቅላችሁ ሚዛን እስኪይዙ ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ነፃ የቀረውን አንቲቦዲ ብቻ ኤላይዛ ላይ ትለካላችሁ፣ ፕሌቱ ብዙ አንቲቦዲ ስቦ ሚዛኑን እንዳያናጋው እያያችሁ።

«አክቲቪቲው ወረደ፣ ስለዚህ አክቲቭ ሳይቱን (ኢንዛይሙ ስራውን የሚሰራበትን ቦታ) ነው የያዘው» ከማለታችሁ በፊት የአንቲቦዲውን ጠርሙስ አንብቡ። ሶዲየም አዛይድ (አንቲቦዲው እንዳይበላሽ የሚጨመር መርዝ) ካለበት፣ ካታሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም አዛይዱ ብቻውን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ዲያላይዝ አድርጉ (በቀጭን ሽፋን በኩል አጥባችሁ አውጡት)፣ የማይመለከተው አንቲቦዲም ኮንትሮል ይሁናችሁ። ቢሆንም እንደ አንቲቦዲ 150 ኪሎዳልተን የሚመዝን ነገር ጎን ላይ ተቀምጦም የአክቲቭ ሳይቱን በር ሊዘጋ ይችላል። ቅርፁን ራሱ ሊቀይረውም ይችላል፤ ሮትማንና ቼላዳ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 የማይሰራ የቤታ ጋላክቶሲዴዝ (የኢ. ኮላይ ኢንዛይም) ሚውታንት በአንቲቦዲ ሲነቃ አሳይተዋል።

ባፈር ውስጥ ዲቲቲ የሚባለውን ኬሚካል አታብዙ፣ የአንቲቦዲውን ዳይሰልፋይድ (ሰንሰለቶቹን የሚያያይዘውን የሰልፈር ድልድይ) ይበጥሳል።

ቅርፁን ለማየት ክሪስታል የምትፈልጉ ሙሉውን አይጂጂ (ዋናውን የአንቲቦዲ ዓይነት) አትክተቱ፣ መሃሉ ይተጣጠፋል፣ ፓፔይን በሚባለው ኢንዛይም ቆርጣችሁ ፋብ (ኢላማውን የሚይዘው ክንድ ብቻ) አድርጉት።

በሂስ ታግ (ለማጣራት እንዲያመች ጫፉ ላይ የሚቀጠል የሂስቲዲን ቁራጭ) ፕሮቲን አስከትባችሁ በዛው ታግ ስክሪን ማድረግማ... ታጉን ነው የያዛችሁት፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ የስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ኢንዛይም ይዞ ሁሉም የጥንቸል ሴረም ይሰራል ብሎ ሲፈነጥዝ ደረስኩበት፣ ከክትባት በፊት የተቀዳው ሳይቀር ባንድ ይሰጣል! ባክቴሪያው ፕሮቲን ኤ አለው፣ ፕሮቲን ኤ የጥንቸል አይጂጂን በኤፍሲ (በአንቲቦዲው ግንድ) በኩል ጭብጥ ያደርጋል፣ ምን ላይ እንደተከተበ ግድ የለውም። ስፓ ጂኑ (ፕሮቲን ኤን የሚያሰራው) የተሰረዘበት ስትሬን ተጠቀሙ፣ ካጣችሁ አይጂዋይ የሚባለውን የዶሮ አንቲቦዲ፣ እሱን ፕሮቲን ኤ አይዘውም።