በሄሞፊሊያ ያበጠን ጉልበት በአልትራሳውንድ ማየት

ሄሞፊሊያ (ፋክተር የሚባለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን የሚጎድልበት በሽታ) ያለበት ልጅ ጉልበቱ አብጦ ሲመጣ መጀመሪያ ፋክተሩ ይሰጠው፤ ምስሉ ይደርሳል። ሄሞፊሊያ ኤ ከሆነ ፋክተር 8፣ ሄሞፊሊያ ቢ ከሆነ ፋክተር 9፣ ቢቻል ሕመሙ በጀመረ በ2 ሰዓት ውስጥ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ቢጻፍለትም፣ ፋክተር እጅ ላይ እያለ ሳይሰጡ መኪና ላይ ማሳፈር ስሕተት ነው። በጡንቻ አይወጋ፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጠው። ወጌሻ አሽቶት እንደሆነም ይጠየቅ፤ መታሸት መድማቱን ያባብሳል።

አልትራሳውንዱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ አዲስ ደም ነው ወይስ የቆየ የሲኖቪየም (የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን) እብጠት? ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም ያው ናቸው፣ ታማሚው ራሱም አይለያቸውም።

ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ) ፕሮብ ይያዙ፣ ከ7 እስከ 12 ሜጋኸርዝ። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ያድርጉለትና 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፍ። ፕሮቡን ከጉልበቱ ሎሚ በላይ በቁመት ያስቀምጡ። “ጉልበትህን ወደ አልጋው ተጫን” ሲሉት ፈሳሹ ወደዚህ ይገፋል። ጄሉን አይቆጥቡ፤ ፕሮቡ በጄሉ ላይ ይንሳፈፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እጁ ይከብድና ትንሹን ደም ራሱ ገፍቶ አባሮ “ፈሳሽ የለም” ብሎ ይጽፋል።

ካዩት በኋላ ግን ሆን ብለው ይጫኑ። ደም ከሆነ ይሸሻል፣ ውስጡ ያሉት ነጥቦችም እንደ ተናወጠ ጠላ አተላ ይዋልላሉ። ሲኖቪየም ቦታውን አይለቅም፤ እጅዎን አላልተው ፓወር ዶፕለር ሲከፍቱ የደም ፍሰት ሊያሳይ ይችላል። የረጋ ደምም እንደ ሲኖቪየም አልሸሽ ይላል፣ ፍሰት ግን የለውም። ከተጠራጠሩ ከጥቂት ቀን በኋላ ይድገሙት፤ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

ቀጥሎ ጉልበቱን እስከቻለ ድረስ አጥፎ ፕሮቡን በአግድም ማድረግ፦ ካርቲሌጁ (የአጥንቱ ጫፍ ለስላሳ ሽፋን) በነጩ አጥንት ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የትንሽ ልጅ ካርቲሌጅ ወፍራም ስለሆነ ፈሳሽ ይመስላል፤ ሌላኛውን ጉልበት ሳያዩ አይፍረዱ። ክርንና ቁርጭምጭሚትም በዚያው ቀጠሮ ይታዩ።

ጭኑን አጥፎ የተኛ፣ ሲዘረጉበት የሚጮህ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ደሙ ከሆድ ጀርባ ባለው የሶአስ ጡንቻ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በቀኝ በኩል ሲሆን ትርፍ አንጀት ተብሎ ቢላ ይቀርብለታል፤ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። የጭኑ ፊት ከደነዘዘ ነርቩ ተጭኗል። ኮንቬክስ (ፊቱ ጎበጥ ያለ) ፕሮብ ይያዙ፣ ከ3 እስከ 5 ሜጋኸርዝ፣ ሁለቱንም ጎን ያወዳድሩ። ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀቱን በሴንቲሜትር አባዝተው በ0.52 ሲያበዙ መጠኑ በሚሊ ሊትር ይገኛል።

ራጅ አዲስ ደም አያሳይም፤ የሚያሳየው የቆየ ጉዳት ነው፣ ጉልበት ከሆነ ቆሞ ይነሳ። ኤምአርአይ ከተገኘ ግራዲየንት ኤኮ የሚባለውን የአነሳስ ዓይነት ይጠይቁ፤ ከአሮጌ ደም የቀረው ብረት እዚያ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ቀስ እያለ ያደገ፣ አጥንት የበላ እብጠት ካዩ ናሙና ብለው መርፌ እንዳይሰዱበት፤ የሄሞፊሊያ ሐሰተኛ ዕጢ (የተጠራቀመ የቆየ ደም) ሊሆን ይችላል፣ ከተወጋ መድማቱን ማቆም ይከብዳል።