ፎርክሊፍትና እግረኛ በአንድ መጋዘን፦ ጉዳት እንዳይደርስ ምን ይደረግ?

በአዳማ መጋዘኖች ከጅቡቲ መስመር የገባ ከባድ መኪና ሲራገፍ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ቆጣሪውና ፎርክሊፍቱ (ከፊቱ ባለው የብረት ሹካ ጭነት የሚያነሳው ማሽን) አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይሄ በር ነው።

2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ወደ 4 ቶን ይጠጋል። መሪው የሚያዘው የኋላ ጎማውን ስለሆነ፣ ሲታጠፍ ኋላው ወደ ውጭ ይጠርጋል፤ ከጎኑ ቆሞ ጆንያ የሚቆጥር ሰው ዓይኑ ሹካው ላይ እያለ በኋላው ከግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የእግረኛውን መተላለፊያ በቢጫ ቀለም ለዩ፤ ከተቻለ በሩም ይለያይ። ማሽኑ ሲሠራ ማንም ከ3 ሜትር በታች አይጠጋው። ቆጣሪው የሚቀርበው ሹካው መሬት ነክቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ሲሰጠው ብቻ ነው። ፎርክሊፍቱ በራምፕ (በመወጣጫ) ወደ መኪናው የሚገባ ከሆነ የመኪናው ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ፤ ያለዚያ በገባና በወጣ ቁጥር መኪናውን ትንሽ ትንሽ እየገፋ በመኪናውና በራምፑ መካከል ክፍተት ይከፍታል። አውራጆቹ በነጠላ ጫማ አይሥሩ። የአደጋ መከላከያ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው።

የፎርክሊፍቱ የአቅም ሰሌዳ «2,500 ኪሎ፣ 500 ሚሊሜትር» ካለ፣ ያን ክብደት የሚችለው የጭነቱ መሃል ከሹካው ቋሚ ክፍል 50 ሳንቲሜትር ሲርቅ ነው። 1 ሜትር ፓሌት (የዕቃ መደርደሪያ እንጨት) ላይ የተደረደሩ 50 ጆንያዎች፣ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ፣ ልክ እዚያ ወሰን ላይ ናቸው። 1.6 ሜትር የሚረዝም ዕቃ ግን መሃሉ 80 ሳንቲሜትር ላይ ስለሚውል፣ በዚያው ክብደት የኋላ ጎማውን ሊያነሳው ይችላል፤ ያኔ መሪ አይታዘዝም። ኋላው እንዲከብድ ብሎ ሰው ማቆም በፍጹም አይደረግ፤ ሰውየው ከወደቀ የሚወድቀው ጎማው ሥር ነው።

ሲነዳ ሹካው ከወለል 15 ሳንቲሜትር ያህል ይነሳ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ በፊት፣ ሲወርድ በኋላ ማርሽ። ማሽኑ መገልበጥ ከጀመረ ኦፕሬተሩ አይዝለል፤ የሚደቁሰው የማሽኑ ጣሪያ ነው። ቀበቶውን እንዳሰረ መሪውን አጥብቆ ይያዝ፣ እግሩን ይርገጥ፣ ከሚወድቅበት ተቃራኒ ያዘንብል።

የሃይድሮሊክ ቱቦ (ሹካውን የሚያነሳው ዘይት በግፊት የሚያልፍበት) ሲያንጠባጥብ በእጅ አትዳብሱ፤ የሚያፈስበትን ለማወቅ ካርቶን አስጠጉ። በግፊት የወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፣ ውስጡ ግን ይበላሻል። በፋሻ ጠቅልላችሁ ወደ ሥራ አትመልሱት። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱትና «ዘይት በግፊት ገብቶበታል» በሉ፤ የዘይቱንም ስም ጽፋችሁ ያዙ።