በገጠር ቀበሌ የአካባቢ ጥበቃን ከፖሊስ ጋር እንዴት እናደራጅ?

የአባቴ በሬ የተሰረቀው ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ውሻችን ጮኸ ጮኸና ዝም አለ፣ እኛም ጅብ ነው ብለን ተኛን። ጠዋት እናቴ ላሟን ልታልብ ስትወጣ የበረቱ መዝጊያ እንጨት ተስቦ፣ ገመዱ በስለት ተቆርጦ አገኘችው። እሪ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ደረሰልን። ሃምሳ ስልሳ ሰው ይሆናል፣ እየገባ "እግዜር ይተካ" እያለ፣ አብሮን እየተቆጨ፣ በረቱን ዞሮ ዞሮ ያያል። ረፋድ ላይ ፈለግ መከተል የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጭቃውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሬው የሄደበት ፈለግ በሚወዱን ሰዎች እግር ተረግጦ ጠፍቷል።

አንድ በሬ ሲሄድ ጥማዱ ፈረሰ ማለት ነው። በዚያ ዓመት አባቴ በመቀናጆ ሲያርስ፣ የሰው ተራ ሲጠብቅ፣ ዘሩ ዘገየ።

ያን ቀን የሚረዳን ሰው አልጠፋም፣ እንዲያውም ሞልቶ ነበር። የጠፋው ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ፖሊስ ከወረዳ ከተማ ተነስቶ እስኪደርስ ያሉት ሰዓቶች የመንደሩ ናቸው፣ በእነሱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ መለማመድ አለበት። እንዴት እንደሚደረግ ካየሁትና ከሠራሁት ልንገራችሁ።

ስብሰባው ከስርቆቱ በፊት ይሁን

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ብዙ መንደር የሚሰበሰበው ከብት ከሄደ በኋላ ነው፣ ያኔ ሰው ተናዷል፣ ጣት ይቀሳሰራል። እናንተ ነገር በሌለበት ቀን ጀምሩ። ለብቻው ስብሰባ ጥሩ ብላችሁም አትድከሙ፣ ገበሬ በስብሰባ ሰልችቷል። እድር ያለበትን ቀን፣ ሰንበቴ የሚጠጣበትን እሑድ፣ ከጁምዓ በኋላ ያለውን ሰዓት ተጠቀሙ። የቀበሌያችሁን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ፣ የሚሊሻ ኃላፊውንና የጎጥ መሪዎቹን አስቀድማችሁ ጥሩ።

ሴቶች ይምጡ። ይሄን ለወጉ አይደለም የምለው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወንዝ ዳር ማን እንደተሻገረ ታያለች። ቡና ላይ ደግሞ የማይሰማ ነገር የለም። እረኞችንም አትርሷቸው፣ የማያውቁትን ሰው ቀድመው የሚያዩት ልጆች ናቸው።

ስብሰባው ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከማን ምን ጠፋ፣ መቼ፣ በየት በኩል? አንድ ሰው በትር ይዞ መሬት ላይ ይሣል። ወንዙ እዚህ፣ ወፍጮ ቤቱ እዚህ፣ ወደ ገበያ የሚወስደው የጀርባ መንገድ እዚያ። የጠፋው ነገር ሁሉ ቦታው ላይ ጠጠር ይቀመጥለት። ጠጠሮቹ የት እንደሚከማቹ ስታዩ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ቀኑንም ልብ በሉ። መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ አረፋ ሲቃረብ የከብት ዋጋ ይወጣል፣ የሌባው ዓይንም አብሮ ይከፈታል።

መንደሩን በድምፅ ልክ ክፈሉት

በቀበሌ ወረቀት ላይ ያለው አከፋፈል ለሌሊት አይሆንም። አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ "ኡኡ" ቢል እስከ ስንተኛው ቤት ይሰማል? የሚሰማበት ድረስ አንድ ቡድን ነው። ሸለቆ ወይም ጉብታ ድምፁን የሚቆርጠው ከሆነ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቡድን ይሁን። ለእያንዳንዱ አንድ ተጠሪና አንድ ምክትል ምረጡ፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው። የተጠሪዎቹ፣ የፖሊሱና የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቀጥታ ስልክ በጉልህ ተጽፎ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የፖሊስ አስቸኳይ ጥሪ ቁጥር 991ም ይጻፍ፣ ግን መንገዱን የሚያውቀው የወረዳው ሰው ስለሆነ የእሱ ስልክ ይቅደም። ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ የትኛው እንደሆነም ሁሉም ሰው ይወቅ።

ሮንዱ

እዚህ ላይ ብዙ መንደር ይሳሳታል። በወኔ ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ እንጠብቃለን" ይላል፣ በወሩ ሁሉም ቤቱ ተኝቷል። ቀን ያረሰ ሰው ሌሊት ሁልጊዜ አይቆምም። ጊዜ ምረጡ። እህል አውድማ ላይ ያለበት ወቅት፣ በዓል የቀረበበት ሳምንት፣ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት፣ የክረምቱ ዝናብ ድምፅ የሚውጥበት ጊዜ። በቀረው ጊዜ ውሻና ጎረቤት ይበቃል።

ለአንድ ሌሊት አራት ሰው ይበቃል፣ ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሁለቱ እስከ ንጋት። አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት አጣምሩ። ወጣቶች ብቻ ሲሆኑ ነገር ይቸኩላል፣ ሽማግሌ ብቻ ሲሆን ብርዱ ቤት ያስገባቸዋል። ባትሪ፣ ፊሽካና ዱላ ይዘው ይውጡ። መሣሪያ መያዝ የሚችለው በሕግ የተፈቀደለት ብቻ ነው። የተራው ዝርዝር አንድ ቅጂ ፖሊሱ ጋ ይቀመጥ፣ ሌሊት የተገናኘው ሰው ጠባቂ ይሁን ሌላ የሚለየው በዚያ ነው።

ስለ ምልክቱ አንድ ነገር ልጨምር። የእድሩን ጥሩንባ ለሌባ እንዳትጠቀሙበት። ያ ድምፅ ሞት ነው። ሰው ሰምቶ ጋቢውን ደርቦ፣ "ማን አረፈ?" እያለ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከብቱ እስከዚያ ወንዝ ተሻግሯል። የተለየ ድምፅ ይኑራችሁ፣ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ወይም የቆርቆሮ ኳኳታ። ምልክቱ ሲሰማም ሁሉም ወደተሰረቀው ቤት አይሩጥ። ወደ ቤቱ ሁለት ሰው ይበቃል። ሌላው ቀድሞ ወደተመደበለት መውጫ ይሂድ፦ ወንዙ መሻገሪያ፣ የገበያው መንገድ፣ ድልድዩ። ይሄን ቢያንስ አንድ ጊዜ በቀን ተለማመዱት።

የመሸበት እንግዳ ነገርም አለ። የእግዜር እንግዳ የሚያሳድር ባህላችን በሮንድ ምክንያት እንዲጠፋ አልፈልግም። ስለዚህ እንግዳውን አትመርምሩት። ያሳደረው ባለቤት ለተጠሪው "ዛሬ እንግዳ አለብኝ" ብሎ ይላክ፣ አለቀ።

ፈለጉን በእንቅብ ክደኑት

ስርቆት ከደረሰ የመጀመሪያው ሥራ ሰው ከግቢ ማስወጣት ነው። ተጠሪዋ በር ላይ ትቁም። ለማጽናናት የመጣው ሁሉ ከአጥር ውጭ ይቆይ፣ ማንም አይቀየምም፣ አስቀድሞ ከተነገረው። ከዚያ የጫማ ወይም የኮቴ ምልክት ባያችሁበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ እንቅብ ወይም ገበቴ ድፉበት፣ ዙሪያውን እሾህ አኑሩ። ዝናብም እግርም አይነካውም። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ልኩ እንዲታወቅ አጠገቡ ክብሪት አስቀምጡ። የተቆረጠ ገመድ፣ የወደቀ ነገር በእጅ አታንሱ። ፖሊሱ ሲመጣ በነበረበት ያግኘው።

ሁለት ፈለግ አዋቂ ደግሞ ወዲያው ይነሱና ከጎን ከጎኑ እየሄዱ ይከተሉት፣ ላዩ ላይ ሳይረግጡ።

ከብቱ የራሱ ወረቀት ይኑረው

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ "ቀይ በሬ ጠፋብኝ" ያለ ሰው ምንም አልተናገረም። ቀይ በሬ ስንት አለ! ለየቡድኑ አንድ ደብተር ግዙ። ቡሬ ነው፣ ዳልቻ ነው፣ ገብስማ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ ነው? ቀንዱ ወዴት ዞረ? ጆሮው ላይ የተሰነጠቀው የትኛው በኩል ነው? መተኮሻ ምልክቱ የት ነው? ከቀኝም ከግራም ፎቶ ይነሣ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

ደብተሩ ጥቅም የሚሰጠው ገበያ ላይ ነው። የተሰረቀ ከብት በሌሊት ይነዳል፣ በቅርቡ ሳይሆን ራቅ ባለው ገበያ ይወጣል። በዙሪያችሁ ያሉትን የገበያ ቀኖችና እዚያ የሚሠሩትን ደላሎች ስልክ ጻፉ። ፎቶው በዚያው ጠዋት ይድረሳቸው። የማታውቁት ሰው ሲሸጥላችሁ ያለ ዋስ አትግዙ፣ አባቶቻችን ዋስ የሚጠሩት በከንቱ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛን ሰው ራሱን ይቀጣዋል። ይሄን ለገበያ ደላሎች ንገሯቸው።

ስትይዙት አትምቱት

በጣም የማምንበት ነገር ይሄ ነው፣ ታገሡኝ። ጎረቤት መንደር ውስጥ ሌሊት አንድ ሰው ተያዘ። ገመድ በእጁ አለ፣ ሰው አያውቀውም። ወጣቶቹ ደበደቡት። ሲነጋ ታወቀ፣ ሰውየው የጠፋች አህያውን ሲፈልግ የመሸበት ነው። ገመዱ የእሷ ነበር። አንድ ዓይኑ ዛሬም በደንብ አያይም። ከደብዳቢዎቹ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ያችን ሌሊት ግን እስካሁን አልረሳትም።

ሌባ ቢሆንስ? ቢሆንም ያው ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 50 ማንኛውም ሰው ከሦስት ወር በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ያገኘውን እንዲይዝ ይፈቅዳል። የተፈቀደው መያዝ ነው። ከዚያ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። እጁን እሰሩ፣ ውሃ ስጡት፣ ከተናደደው ሰው ለዩት፣ ሁለት ሽማግሌ አጠገቡ ይቀመጡ። የያዛችሁበትን ሰዓት፣ ቦታና የነበሩትን ሰዎች ጻፉ። ፖሊስም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል። የሰው ቤት ገብቶ መፈተሽም የሮንዱ ሥራ አይደለም፣ የጠረጠራችሁትን ቤት ከውጭ ጠብቁ፣ ፍተሻው በሕግ አግባብ በፖሊስ ይደረግ።

ጥቆማና ምስክርነት

በድሮ ጊዜ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት የለም። ስሙን በምስጢር የሚያመጣው ሰው "ወፍ" ይባል ነበር። ምስጢር ጠባቂነቱ መልካም ነው፣ ጠቋሚ ካልተጠበቀ ማንም አይናገርም። ጉዳቱ ግን ቂም ያለው ሰው ወፍ ሆኖ ንጹሑን ማስወቀሱ ነበር። ስለዚህ ጥቆማ ለፖሊሱ በቀጥታ ይድረስ፣ የጠቋሚው ስም ሮንዱ ላይ እንኳ አይነሣ፣ ሰው የሚያዘው ግን በጥቆማው ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ይሁን።

ቃል ስትሰጡ የተጻፈው ይነበብላችሁ። ያላላችሁት ነገር ካለ ይታረም፣ ከዚያ በኋላ ፈርሙ ወይም አሻራ አኑሩ። ብዙ ገበሬ አፍሮ ዝም ብሎ ያትማል። አትፈሩ፣ "አንብብልኝ ልጄ" በሉት።

ሽማግሌ ጋ የሚሄደውና የማይሄደው

የድንበር ግፊያ፣ ከብት የበላው አዝመራ፣ የመስኖ ውሃ ተራ፣ የገበያ ላይ ስድብ በሽምግልና ይለቅ። ሰው ሲሞትም የሽማግሌዎች ሥራ ትልቅ ነው፣ ደም እንዳይመለስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፣ ግን ከፍርድ ቤቱ ጎን እንጂ በምትኩ አይደለም።

ጠለፋ፣ አስገድዶ መድፈር፣ የልጅ ጋብቻ፣ ሚስት መደብደብ ሽማግሌ ጋ አይሄድም። "ቤተሰቦቹ ተስማምተዋል" የሚባለውን ነገር እኔ አልቀበልም፣ ልጅቷ አልተስማማችማ። ጠላፊው በኋላ ቢያገባት እንኳ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ከተጠያቂነት አያድነውም። የመንደሩ ጥበቃ ለበሬ ተነስቶ ለልጅ ካልተነሣ ምኑን ጥበቃ ሆነ? የቡድኗ ሴት ተጠሪ የፖሊሱ ስልክ በእጇ ይኑር የምለው ለዚህ ነው።

ፖሊሱን አታባክኑት

ብዙ ቦታ አንድ ፖሊስ ለአንድ ሰፊ ቀበሌ ነው። በእግሩ ይዞራል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። በወር አንድ ቀን፣ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ሰው ይስማ። በዚያው ቀን ያለፈው ወር ነገር የት ደረሰ የሚለውን ይንገር፦ ይሄ ፋይል ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄዷል፣ ያ ምስክር ጎድሎታል። ሰው መልስ ሲሰማ ሌላ ጊዜ ይናገራል።

ፖሊስ ይዛወራል፣ ይሄ የማይቀር ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮት እንዳይሄድ የከብት ደብተሩ፣ የሮንዱ ዝርዝርና የተጠሪዎች ስም ሁለተኛ ቅጂ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። አዲሱ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ተጠሪዎች ይዘውት ጎጥ ለጎጥ ይዙሩ። ወንዙ መሻገሪያውን፣ የጀርባ መንገዱን፣ ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ ያሳዩት። በየቤቱ ቡና ይጠጣ። ውሾቹም ይልመዱት።