ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመቀየራችሁ በፊት

ከሱቅ ሱቅ መዞር ከመጀመራችሁ በፊት አሮጌው ማሽን በምን እንደሞተ አጣሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ማሽኑ ቆመ፣ በቃ ሌላ ይገዛ ይባላል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ በዚያው በሽታ ይወድቃል። ምን ይገርማል፣ የቤቱ ውሃና መብራት እንደሆነ ያው ነው።

ስለዚህ የከፈተውን ባለሙያ «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁት። ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሎ ከሆነ ጠላታችሁ መብራት ነው። ውሃ አልስብ ብሎ ከሆነ ወይ የመግቢያው ቫልቭ በደለል ተዘግቷል ወይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ጉልበት የለውም። ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ቆይቶ ከቆመ ልብሱ የሚገባበት ድራም የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ደግሞ ሳይሞት የሚቀበር ማሽንም አለ። ቺንጋ ተቆረጠ፣ የሞተሩ ካርቦን አለቀ፣ የፍሳሽ ፓምፑ ውስጥ ሳንቲም ገባ ተብሎ ማሽን አይቀየርም። እነዚህ የሚጠገኑ ናቸው። ቦርድና ኩሽኔታ አንድ ላይ ከሄዱ ግን አትልፉ፣ አዲስ ፈልጉ።

እዚህ አካባቢ ማሽን መመረጥ ያለበት መጀመሪያ በውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው የሚያጥበው ከሮቶ ነው፤ አውቶማቲክ ማሽን ደግሞ ውሃው ተገፍቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። መመሪያው ላይ ወይም ጀርባው ላይ «0.03 ኤምፒኤ» ወይም «0.5 ባር» የሚል ዝቅተኛ የውሃ ግፊት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ይሰጣል። 0.03 ኤምፒኤ 0.3 ባር ስለሆነ፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሽኑ የውሃ መግቢያ ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። 0.5 ባር የሚጠይቅ ከሆነ 5 ሜትር ያስፈልጋል።

ይህን በዓይን አትገምቱ፣ በሜትር ለኩት። ከታች ሲያዩት ሰማይ የነካ የሚመስል ሮቶ ሲለካ 2 ሜትር ተኩል ሆኖ ቁጭ ይላል። ስትለኩም ሮቶው ሞልቶ ሳይሆን ወደ ማለቁ ሲደርስ ያለውን የውሃ ከፍታ ያዙ፣ ምክንያቱም ማሽኑ መሃል ላይ ቆሞ የሚያስቸግራችሁ ያኔ ነው። ከፍታው ካልበቃ ወይ መቆሚያውን ከፍ ማድረግ ወይ ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው። ፓምፑ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋም አስቡበት። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ደግሞ የውሃው ቱቦ ማሽኑ ላይ የሚገባበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። «ማሽኑ ውሃ አልስብ አለ» ከሚባለው ውስጥ ቀላል የማይባለው የእሷ መደፈን ነው።

መብራትም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ማሞቂያው ሲነሳ 2,000 ዋት አካባቢ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት 9 አምፔር ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካስነሳችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነገር ይመጣል። ለማሽኑ ራሱን የቻለ፣ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ያለው፣ 16 አምፔር የሚችል ሶኬት አስገጥሙ። ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ማጠብ ይቅር፣ እርጥብ ወለል ላይ ኧርዝ የሌለው ማሽን ሰው ይገድላል። ስታቢላይዘር ከገዛችሁም ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ትንሹ አይችለውም፣ ቢያንስ 3,000 ዋት የሚሸከም ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቃችሁ ስኩት። ቦርድ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን አመላለሱ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ከላይ ሁለት ጉድጓድ ያለው፣ በአንዱ አጥቦ በሌላው የሚጨምቀው ማሽን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ውሃቸው ለማይታመን ቤቶች ከማንም በፊት እሱን ነው የምመክረው። በባልዲ ይሞላል፣ ግፊት አይጠይቅም። አብዛኛው ቦርድ የለውም፣ ሰዓቱ የሚጠመዘዝ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን እንደገና ጠምዝዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ነጩን ልብስ አጥባችሁ በዚያው ሳሙና ባለቀለሙን መድገም ትችላላችሁ። ቀላል ስለሆነም ሁለት ሰው አንስቶት ይሄዳል። ጉዳቱ አጠገቡ መቆም አለባችሁ፣ ልብሱን በእጅ ማዛወር አለ፣ ውሃም አያሞቅም።

ከፊት የሚከፈተው ውሃ ይቆጥባል፤ ለአንድ እጥበት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው የሚወስደው። ከላይ የሚከፈተው ሙሉ አውቶማቲክ ከዚያ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል፣ ማሞቂያ የሌለውም ብዙ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ዱቄት ሳሙናም በእንዲህ ያለ ውሃ በደንብ አይሟሟም። ስለዚህ ደሴ ላይ ማሞቂያ ያለው ማሽን ቅንጦት አይደለም፣ በ30 ወይም በ40 ዲግሪ ማጠብ በቂ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ አየሩ ሞቅ ስለሚል ያለ ማሞቂያም ኑሮ ይገፋል፣ ልብሱም ቶሎ ይደርቃል። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ልብስ ሳይደርቅ ስለሚሰነብት የመጭመቂያው ፍጥነት ላይ አትሰስቱ፣ በደቂቃ ከ1,000 ዙር በላይ የሚጨምቅ ፈልጉ።

ኪሎው ላይም አትታለሉ። «7 ኪሎ» የሚለው ደረቅ የጥጥ ልብስ፣ ያውም በረጅሙ የጥጥ ፕሮግራም ነው። ፈጣኑ ፕሮግራም ላይ ብዙ ጊዜ ግማሹን ያህል ነው የሚችለው። ጋቢያችሁንና ብርድ ልብሳችሁን ይዛችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ቤት ውስጥ የሚታጠበው ትልቁ ነገር ድራሙ ውስጥ ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። ወፍራም ብርድ ልብስ ውሃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ተከምሮ ሲሽከረከር ኩሽኔታውን ነው የሚበላው።

ብራንድ ላይ ብዙ አልከራከርም። ከደሴ ፒያሳም ሆነ ከአራዳ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ አንድ ሁለት ጥገና ቤት ጎራ በሉና «የትኛውን ትከፍታላችሁ? የየትኛው ዕቃ ይገኛል?» በሉ። ሻጭ ማሽኑ እንደማይበላሽ ይነግራችኋል፤ ጠጋኙ ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ፓምፕና ቫልቭ እያሳየ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን ይነግራችኋል። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አትርሱ፦ የዚህ ሞዴል የውሃ ገንዳ (ድራሙን ከውጭ የያዘው) በብሎን የሚፈታ ነው ወይስ ተበይዶ የተዘጋ? የተዘጋ ከሆነ ኩሽኔታው ሲያልቅ ወይ ገንዳው ተቆርጦ ይከፈታል ወይ ከነድራሙ ይቀየራል፣ ያኔ ወጪው ለሌላ ማሽን ይቃረባል። «10 ዓመት ዋስትና» የሚለው ተለጣፊም ብዙ ጊዜ ለሞተሩ ብቻ ነው፤ ቦርዱን፣ ፓምፑንና ኩሽኔታውን አይመለከትም። ዋስትናውን የሚፈጽመው ማን እንደሆነና የት ከተማ እንዳለ ደረሰኝ ላይ አስጽፉ።

ወሎ ነንና ስለ ሳዑዲም ልበል። ከጅዳ ወይም ከሪያድ እህት ወንድም የላከው ማሽን በየቤቱ አለ። ሳዑዲ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ከቆዩት ማሽኖች ደግሞ በ110 ወይም በ127 ቮልት የሚሠሩ አሉ፤ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ያለውን ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ሳይገዛ በፊት ንገሯቸው። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ወይም «50/60 ኸርዝ» ካለ አብሽሩ። 60 ብቻ ከሆነ ፓምፑና ሞተሩ ከልክ በላይ ሊግሉ ስለሚችሉ ይቅርባችሁ። ከዱባይ የመጣ በዚህ በኩል ችግር የለበትም፣ እዚያ 50 ኸርዝ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት በሩን ክፈቱና የድራሙን የላይኛውን ከንፈር ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ገንዳው ከነድራሙ ቢወዛወዝ ጤና ነው፣ ስፕሪንግ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ድራሙ ለብቻው ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ኩሽኔታው ሄዷል። በእጃችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፣ መጎርመር የለበትም። ከዚያ የጀርባውን ቆርቆሮ አስፈቱና በስልካችሁ መብራት የገንዳውን መሃል እዩ፤ ከመሃል ወደ ውጪ የተረጨ ቡናማ የዝገት መስመር ካለ ውሃ ወደ ኩሽኔታው እየገባ ነው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትታችሁ ውጡ። በመጨረሻ ባዶውን በሙሉ ፍጥነት እንዲጨምቅ አድርጉት፣ ሻጩ «መብራት የለም» ካለ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

ማሽኑ ቤት ሲገባ ጠንካራ ወለል ላይ በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ አራቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። ለእጅ እጥበት የሚሸጠው ዱቄት ሳሙና ከፊት በሚከፈተው ውስጥ አረፋው ስለሚበዛ በጣም ጥቂት አድርጉ። ከአዲስ አበባ ካስመጣችሁት ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲንገጫገጭ ነው የሚመጣው፤ ጀርባው ላይ ያሉት የመጓጓዣ ብሎኖች እንዳይፈቱና ቆሞ እንዲጫን ለሹፌሩ ንገሩ። ቤት ከገባ በኋላ ግን የመጀመሪያውን ልብስ ከማስገባታችሁ በፊት እነዚያን ብሎኖች ማውጣት ግዴታ ነው፣ ካልወጡ ሲጨምቅ ራሱን ይሰብራል። አውጥታችሁም አትጣሏቸው፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ ከጀርባው በፕላስተር ለጥፏቸው፤ ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሩበታላችሁ።