ቅባት የበዛበት እራትና የምግብ ቧንቧ ጤና

እኛ ጎንደሬዎች ጾም በተፈታ ሰሞን ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥና ጮማ አምሽተን በልተን ወዲያው እንተኛለን፤ ሆኖም ቅባት ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣና በምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ያለውን ጡንቻ ስለሚያላላ፣ አሲዱ ወደ ላይ ተመልሶ ቃር ያስከትላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ሊያቆስል፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይም ባሬት የሚባለውን፣ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር የሚያመራውን የሽፋን ለውጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ቃርን እንደ በዓል ልማድ ቆጥሮ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ቅቤውን ይቀንሱ፤ እራትዎን ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ የአልጋዎን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ትራስ መደራረብ ግን ሆድን ስለሚያጥፍ እምብዛም አይረዳም። ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ደም ካስመለሰዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።